የሳምባ ካንሰር መድኃኒቱን ሲላመድ ምን ይደረጋል?



ለታመመ ሰው የሚሠራ መድኃኒት ማግኘት ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ብዙ ወራት ሲሠራ የቈየው መድኃኒት አንድ ቀን መሥራቱን ሲያቆም በበሽተኛውና በቤተ ሰቡ ላይ የሚወድቀው ሐዘን፥ በሽታው መጀመሪያ በተነገረበት ቀን ከነበረው ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከቤተ ሰቡ አንዱ ወገን «እንግዲህ አለቀ» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል፤ ሌላው ወገን ደግሞ «መድኃኒቱ ቢጨመርበት ይሻላል» እያለ ያንኑ የማይሠራውን ኪኒን በብዙ ገንዘብ ያፈላልጋል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

በዚህ ወር ትምህርታችን ይህን ጉዳይ ከፍ ወዳለ ደረጃ የደረሰውን የሳምባ ካንሰር ምሳሌ አድርገን እናስረዳለን። ልናስገነዝብ የፈለግነው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም መድኃኒቱን አሸንፎ የተመለሰ ካንሰር ቀድሞ እንደ ነበረው ካንሰር ተቈጥሮ ሊታከም አይገባም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በሽታው እንደ ገና መመርመር አለበት የሚል ነው።

መምህራንና ማንበብ የሚችሉ የከተማ ነዋሪዎች ከሐኪም ቤት የመጣ ወረቀት እንዲያነቡና ምክር እንዲሰጡ በየሠፈራቸው ይለመናሉ። ይህ ጽሑፍ ለእነርሱ እንዲረዳ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ. የበሽታውን ስም ለይቶ ስለ ማወቅ

በአገራችን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይነገራል። «የሳምባ ነቀርሳ» ሲባል ብዙ ጊዜ ቲቢ ማለት ነው። ቲቢ በዐይን በማይታይ ባክቴርያ የሚመጣ፥ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፥ መድኃኒቱ በሥርዐት ከተወሰደ በአብዛኛው የሚድን በሽታ ነው። ካንሰር ግን ከውጭ የገባ ተሕዋስያን አይደለም። ከበሽተኛው ከራሱ ሰውነት የተነሡ ሕዋሳት ሥርዐታቸውን ትተው ያለ ልክ ሲራቡ የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ የሳምባ ካንሰር የያዘውን ሰው ዕቃ መለየት ወይም ከማዕድ ማራቅ ከቶ አያስፈልግም።

የሁለቱ በሽታዎች ምልክቶች ግን እጅግ ይመሳሰላሉ። በሁለቱም የማይለቅ ሳል፥ ደም የተቀላቀለበት አክታ፥ የደረት ሕመም፥ የሰውነት መክሳትና ድካም ይታያሉ። ስለዚህ የካንሰሩ በሽተኛ ወራት ሙሉ የቲቢ መድኃኒት ሲወስድ ቈይቶ ኋላ እውነተኛው በሽታ ሊታወቅ ይችላል።

ትምህርታችን ግልጽ እንዲሆን አንዲት ወይዘሮ በአሳባችን እንመልከት። እኒህ ወይዘሮ ሲጋራ በአፋቸው አልዞረም። ከብዙ ወራት ሳል በኋላ ተመርምረው የሳምባ ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ በሽታውም ወደ አጥንታቸው ስለ ደረሰ ደረጃው አራተኛ ነው ተባለ። ሲጋራ ለዚህ በሽታ ከሁሉ የበለጠ ምክንያት መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ነገር ግን አጫሽ ያልሆነ ሰውም ሊይዘው ስለሚችል ማንኛውንም በሽተኛ «ምን አጭሰህ ነው?» እያሉ ማሳፈር አይገባም። የወይዘሮዋ ናሙና በላቦራቶሪ ሲመረመር በአንድ ዘረመል ላይ ለውጥ ስለ ተገኘበት ሐኪማቸው ኬሞቴራፒ ሳይሆን በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አዘዙላቸው። ውጭ አገር ያለ ልጃቸው ኪኒኑን ይልክላቸው ጀመር። ሳሉ ቆመ፤ ገበያ መውጣትና ዘመድ መጠየቅ ጀመሩ። ከሃያ ወር በኋላ ግን ሳሉ ተመለሰ። እንግዲህ ምን ሆነ? ምንስ ማድረግ ይገባል?

2ኛ. ካንሰሩን ለይቶ ስለሚመታ መድኃኒት

ኬሞቴራፒ የሚባለው የቈየ ሕክምና በፍጥነት የሚራቡትን ሕዋሳት ሁሉ ይመታል። ስለዚህ ካንሰሩን ሲመታ የጠጕርን፥ የአንጀትንና ደም የሚመነጭበትን የአጥንት መቅኔ ሕዋሳት አብሮ ይጎዳል። አሁን የምንናገርለት መድኃኒት ግን ዒላማውን ለይቶ የሚመታ ነው።

በ2003 ጌፊቲኒብ የተባለው ኪኒን በአሜሪካ በተፈቀደ ጊዜ ሐኪሞችን አንድ እንቈቅልሽ አጋጠማቸው። ኪኒኑ ከ100 በሽተኞች 10 ያህሉን ብቻ ይጠቅማል፤ የጠቀማቸውን ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአልጋ ያስነሣል። በ2004 በቦስተንና በኒው ዮርክ የሚገኙ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙ። በእነዚያ በጥቂቶቹ በሽተኞች ካንሰር ውስጥ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. የሚባለው ዘረመል ተለውጦ ነበር።

ዘረመል ማለት በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለ፥ ሕዋሱ ምን ዐይነት ፕሮቲን እንደሚሠራ የሚያዝዝ ጽሑፍ ማለት ነው። ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. የሚያሠራው ፕሮቲን በሕዋሱ ገጽ ላይ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ሆኖ ይቀመጣል። ሲበራ ሕዋሱ ይራባል፤ ሲጠፋ ያርፋል። ዘረመሉ ሲለወጥ ማብሪያው እንደ በራ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሕዋሱም ማንም ሳያዝዘው ይራባል። ኪኒኑ ይህን ማብሪያ ያጠፋዋል። ለውጡ በሌለበት ካንሰር ላይ ግን ብዙ አይሠራም፤ ለዚህም ነው ያለ ምርመራ መታዘዝ የማይገባው።

አዴኖካርሲኖማ በሚባለው የሳምባ ካንሰር ዐይነት፥ ይህ ለውጥ በምሥራቅ እስያ ከ100 በሽተኞች ከ40 እስከ 50 በሚሆኑት፥ በአውሮፓ ደግሞ ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ይገኛል። ሲጋራ ባላጨሱ ሰዎችና በሴቶች ላይ ይበዛል።

ከጌፊቲኒብ ቀጥሎ ኤርሎቲኒብ፥ ኋላም ኦሲመርቲኒብ መጣ። በ2018 የታተመ፥ 556 በሽተኞች የተካፈሉበት አንድ ጥናት ኦሲመርቲኒብን ከሁለቱ ቀዳሚዎች ጋር አወዳደረ። በሽታው እንደ ገና እስኪያድግ ድረስ ያለው መካከለኛ ጊዜ በቀዳሚዎቹ 10.2 ወር ሲሆን በኦሲመርቲኒብ 18.9 ወር ሆነ። መካከለኛ ጊዜ ማለት ከበሽተኞቹ እኩሌታው ከዚያ ያነሰ፥ እኩሌታው ከዚያ የበለጠ ጊዜ ቈዩ ማለት ነው እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው የተቈረጠ ቀጠሮ አይደለም። መምህራን ይህን ልዩነት ለቤተ ሰብ ቢያስረዱ ብዙ ጭንቀት ያቃልላሉ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባናል። ካንሰሩ አራተኛ ደረጃ ከደረሰ እነዚህ መድኃኒቶች ዕድሜን ያራዝማሉ፥ ሕመምን ያስታግሣሉ እንጂ በሽታውን ከሥሩ ይነቅላሉ ተብሎ አይጠበቅም። ይዋል ይደር እንጂ፥ ካንሰሩ በአብዛኞቹ በሽተኞች ላይ መድኃኒቱን ይላመዳል።

3ኛ. ካንሰሩ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚላመድ

ገበሬ የስንዴ ማሳውን ሲያርም ከስንዴው የተለየውን አረም ሁሉ ይነቅላል። እንክርዳዱ ግን ስንዴ ስለሚመስል ያመልጠዋል። አረሙ ባለቀበት ማሳ ላይ እንክርዳዱ ቦታ አግኝቶ ይበዛል። የካንሰሩም ነገር እንዲሁ ነው። በአንድ ዕባጭ ውስጥ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠሩ ሕዋሳት አሉ፤ ሁሉም ግን አንድ ዐይነት አይደሉም። ኪኒኑ የሚገዙለትን ሲገድል፥ ከእነዚያ መካከል በአንዳች ለውጥ ያመለጡት ጥቂቶች ይተርፋሉ፤ ቦታውንም ይዘው ይራባሉ።

የወባ ነገር ለአንባቢዎቻችን የታወቀ ምሳሌ ነው። ክሎሮኪን ለብዙ ዘመን ወባን ሲያድን ከቈየ በኋላ ፋልሲፓረም የተባለው ብርቱ የወባ ዐይነት ስለ ተላመደው በአገራችንም መድኃኒቱን መለወጥ ግድ ሆኗል። ተስፋ ቈርጦ የተቀመጠ ሐኪም አልነበረም፤ ክሎሮኪኑን በእጥፍ እንስጥ ያለም አልነበረም፤ ሌላ መድኃኒት ተፈለገ።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ፤ ይህንንም አጥብቀን እንናገራለን። የቲቢ በሽተኛ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ተሕዋስያኑ እንዲላመዱ ሊያደርግ እንደሚችል ዘወትር እናስተምራለን። ከዚህ የተነሣ የካንሰር በሽተኛም መድኃኒቱ እምቢ ሲለው «አንተ በሥርዐት አልወሰድክም ይሆናል» የሚለው ይበዛል። ይህ በደል ነው። ካንሰሩ መድኃኒቱን የሚላመደው ኪኒኑን አንድ ቀን እንኳ ሳያጓድል በወሰደ ሰው ላይም ነው። በወይዘሮዋ ላይ የደረሰው የጥፋታቸው ውጤት አይደለም።

ካንሰሩ የሚያመልጥባቸው መንገዶች በሦስት ይከፈላሉ።

ሀ) ዒላማው ራሱ ሲለወጥ። በ2005 ተመራማሪዎች በጌፊቲኒብና በኤርሎቲኒብ ይታከሙ የነበሩ በሽተኞችን ሲመረምሩ፥ ከኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ፕሮቲን ክፍሎች 790ኛው እንደ ተለወጠ አገኙ። ጓጉንቸሩ ከውስጥ ስለ ተለወጠ የቀድሞው ቍልፍ አልሠራ አለ። ከሚላመዱት ካንሰሮች እኩሌታ ያህሉ ያመለጡት በዚህ መንገድ ነበር። ኦሲመርቲኒብ የተሠራው ይህንኑ የተለወጠ ጓጉንቸር እንዲከፍት ሲሆን በአሜሪካ የተፈቀደው በ2015 ነው። በ2017 የታተመ፥ 419 በሽተኞች የተካፈሉበት ጥናት እንዳሳየው ይህ ለውጥ ላለባቸው ሰዎች በሽታው እንደ ገና እስኪያድግ ድረስ ያለው መካከለኛ ጊዜ በኬሞቴራፒ 4.4 ወር፥ በኦሲመርቲኒብ 10.1 ወር ነበር። ነገር ግን ካንሰሩ ኦሲመርቲኒብንም ይላመዳል። ኪኒኑ የሚጣበቀው በ797ኛው ክፍል ላይ ስለሆነ ያ ክፍል ሲለወጥ መያዣ ያጣል።

ለ) ሌላ መንገድ ሲከፈት። ዋናው መንገድ ቢዘጋ መንገደኛ በአቋራጭ ያልፋል። ኤም.ኢ.ቲ. የሚባል ሌላ ዘረመል ቍጥሩ በዝቶ ሲገኝ፥ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ቢዘጋም ሕዋሱ የመራባት ትእዛዝ በዚያ በኩል ያገኛል።

ሐ) የካንሰሩ ዐይነት ራሱ ሲለወጥ። በጥቂት በሽተኞች ላይ ካንሰሩ «ትንሽ ሕዋስ» ወደሚባለው፥ በፍጥነት ወደሚያድገው ሌላ የሳምባ ካንሰር ዐይነት ይለወጣል።

በ2011 የታተመ የቦስተን ጥናት ይህን ሁሉ በግልጽ አሳየ። ሐኪሞቹ ካንሰራቸው መድኃኒቱን ከተላመደባቸው 37 በሽተኞች አዲስ ናሙና ወሰዱ። በ18ቱ የ790ኛው ክፍል ለውጥ ተገኘ፤ በ5ቱ ካንሰሩ ወደ ትንሽ ሕዋስ ዐይነት ተለውጦ ነበር፤ በሌሎቹ ሌላ ሌላ ምክንያት ተገኘ፤ ምክንያቱ ያልታወቀላቸውም ነበሩ። ሁሉም በአንድ ስም የሚጠራ በሽታ ነበረባቸው፤ አንድ ዐይነት ሕክምና ግን ለሁሉም ሊሆን አይችልም ነበር።

4ኛ. ከሁሉ አስቀድሞ እንደ ገና መመርመር

ወደ ወይዘሮዋ እንመለስ። ሳላቸው በተመለሰ ጊዜ ሐኪሙ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «በእርግጥ ካንሰሩ ነውን?» የሚል ነው። ሳል የሳምባ ምች ወይም ቲቢ ሊሆን ይችላል። ኪኒኑም ራሱ አልፎ አልፎ ሳምባን ያስቈጣል፤ ይህ ከሆነ ኪኒኑን ወዲያው ማቆም የሚገባ አደገኛ ነገር ነው። አዲስ የትንፋሽ ማጠር ሲመጣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል የምንለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሌሎች መድኃኒቶች ነው። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ኦሲመርቲኒብ በደም ውስጥ የሚኖረውን መጠን ይቀንሰዋል። አንዳንድ የጨጓራ መድኃኒቶችም ጌፊቲኒብና ኤርሎቲኒብ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገቡ ያደርጋሉ። እንግዲህ ካንሰሩ የተላመደ የሚመስለው የኪኒኑ ኀይል በሌላ መድኃኒት ስለ ተቀነሰ ሊሆን ይችላልና በሽተኛው የሚወስደውን ሁሉ፥ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፥ ሳይደብቅ መናገር አለበት። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ሐኪሙ በሲቲ ስካን በሽታው የት እንዳደገ ያያል። ይህ የካንሰር ዐይነት ወደ አንጎል መሄድ ስለሚወድ አንጎልም በኤም.አር.አይ. ቢታይ መልካም ነው። በመጨረሻም ካንሰሩ በምን መንገድ እንዳመለጠ ይፈለጋል። ለዚህ ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው የደም ምርመራ ነው። የሞቱ የካንሰር ሕዋሳት የዘረመላቸውን ስብርባሪ በደም ውስጥ ይጥላሉ፤ ላቦራቶሪው ያንን ለቅሞ ያነባል። ለበሽተኛው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለውጥ አልተገኘም ቢል የለም ማለት አይደለም፤ ስብርባሪው ሊያንስ ይችላልና። ካንሰሩ ወደ ትንሽ ሕዋስ ዐይነት መለወጡንም ለማረጋገጥ አይበቃም።

ሁለተኛው በመርፌ አዲስ ናሙና መውሰድ ነው። ከሳምባ፥ ከጉበት ወይም ካበጠ ዕጢ ሊወሰድ ይችላል፤ በሳምባ ዙሪያ የተቋጠረ ውሃ ካለም ያው ሊመረመር ይችላል። ብዙ ቤተ ሰብ «አንድ ጊዜ ተወጋ፤ ለምን ደግሞ ይሠቃያል?» ይላል። መልሱ ግልጽ ነው። የፊተኛው ናሙና የሚናገረው ስለ ፊተኛው በሽታ ነው።

ይህ ሁሉ እስኪደረግ ድረስ በሽተኛው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪኒኑን በገዛ እጁ ማቆም የለበትም። ምንም እንኳ አንዳንዶቹ ሕዋሳት የተላመዱት ቢሆንም ሌሎቹ ገና ይገዙለታል፤ ድንገት ሲቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽታው የሚፋፋምባቸው ሰዎች አሉ።

5ኛ. የሁለተኛው ሕክምና መንገዶች

ምርመራው ካለቀ በኋላ ሐኪሙ ከሚከተሉት አንዱን ይመርጣል። የምንጽፈው ሰው ራሱን እንዲያክም ሳይሆን ሐኪሙ የሚለውን እንዲረዳ ነው።

ሀ) በሽታው ያደገው በአንድ ወይም በሁለት ቦታ ብቻ ከሆነ፥ ያን ቦታ በጨረር ወይም በቀዶ ሕክምና መትቶ ኪኒኑን መቀጠል ይቻላል። የተቀረው በሽታ ገና ለኪኒኑ የሚገዛ ነውና።

ለ) የተገኘው የ790ኛው ክፍል ለውጥ ከሆነና በሽተኛው ይወስድ የነበረው ከቀዳሚዎቹ ኪኒኖች አንዱ ከሆነ፥ ወደ ኦሲመርቲኒብ ይዛወራል።

ሐ) ያመለጠው በኤም.ኢ.ቲ. መንገድ ከሆነ ሁለቱን መንገዶች አንድነት መዝጋት ይታሰባል። ሳቮሊቲኒብ ከኦሲመርቲኒብ ጋር ተጣምሮ ለእንዲህ ያሉ በሽተኞች እንዲሰጥ በ2025 በቻይና ተፈቅዷል።

መ) ካንሰሩ ወደ ትንሽ ሕዋስ ዐይነት ከተለወጠ፥ ለዚያ ዐይነት የሚሰጠው ኬሞቴራፒ፥ ይኸውም ከፕላቲነም የተሠራ መድኃኒት ከኤቶፖሳይድ ጋር ይሰጣል። ናሙናው ባይወሰድ ኖሮ ይህ ከቶ አይታወቅም ነበር።

ሠ) የተለየ ምክንያት ካልተገኘ ዋናው መንገድ ከፕላቲነም የተሠራ መድኃኒት ከፔሜትሬክስድ ጋር ነው። ኬሞቴራፒ አሮጌ ነው ተብሎ መናቅ የለበትም፤ ዒላማ መራጩ መድኃኒት በከሸፈበት ቦታ ብዙ ሰዎችን ረድቷል። በዚህ ላይ አሚቫንታማብ የተባለ፥ በደም ሥር የሚሰጥና ኢ.ጂ.ኤፍ.አር.ንና ኤም.ኢ.ቲ.ን አንድነት የሚይዝ መድኃኒት ሊጨመር ይችላል። 657 በሽተኞች በተካፈሉበት ጥናት በሽታው እንደ ገና እስኪያድግ ድረስ ያለው መካከለኛ ጊዜ በኬሞቴራፒ ብቻ 4.2 ወር፥ አሚቫንታማብ ሲጨመርበት 6.3 ወር ሆኗል። በአሜሪካ ለዚህ አገልግሎት የተፈቀደው በመስከረም 2024 ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በወራት የሚለካ ነው፤ የቈዳ ሽፍታና በመጀመሪያው ቀን የሚመጣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የትንፋሽ ማጠርም አለበት። በሽተኛው ይህን ሁሉ አውቆ መምረጥ ይገባዋል።

ረ) ኢ.ጂ.ኤፍ.አር.ን የሚመታው መድኃኒትና ኬሞቴራፒው ሁለቱም ካለፉ በኋላ ለሚያድግ በሽታ ዳቶፖታማብ ዴሩክስቴካን የተባለው መድኃኒት በ2025 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ይህ የኬሞቴራፒን መርዝ ተሸክሞ ወደ ካንሰሩ ሕዋስ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው።

ስለ አንድ ነገር ግን እናስጠነቅቃለን። የሰውነትን የመከላከያ ኀይል የሚያነሣሣው ሕክምና ለብዙ የሳምባ ካንሰር በሽተኞች ታላቅ ጥቅም ስለ ሰጠ፥ ሰዎች ስሙን ሰምተው ቤት ሸጠው ሊገዙት ይነሣሉ። የኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ለውጥ ላለባቸው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2023 ውጤቱ በተነገረ፥ 492 በሽተኞች በተካፈሉበት ጥናት ፔምብሮሊዙማብ በኬሞቴራፒ ላይ ሲጨመር የተገኘው መካከለኛ ዕድሜ 15.9 ወር፥ ያለ እርሱ 14.7 ወር ነበር፤ ይህም ልዩነት መድኃኒቱ ለመጥቀሙ ማስረጃ የሚሆን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ወዲያው ኦሲመርቲኒብ ቢሰጥ ደግሞ የሳምባ መቈጣት አደጋው ይጨምራል። እንግዲህ ውድ የሆነው ሁሉ፥ አዲስ የሆነውም ሁሉ፥ ለዚህ በሽተኛ የተሻለ ነው ማለት አይደለም።

ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ለምሳሌ ተወሰደ እንጂ ሌሎችም ዒላማዎች አሉ። ኤ.ኤል.ኬ. የሚባለው ዘረመል ለውጥ ላለባቸው በ2011 ክሪዞቲኒብ በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ካንሰሩ እርሱን ሲላመድ ሌሎች ተከተሉ፤ በ2018ም ሎርላቲኒብ መጣ። ሥርዐቱ ግን በሁሉም አንድ ነው፤ ሲለወጥ መርምር፥ የተገኘውን ተከተል።

6ኛ. ስለ ቤተ ሰብና ስለ ወዳጅ ተግባር

በአገራችን ልማድ ክፉ ዜና ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም። ልማዱ ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን የወይዘሮዋ ልጆች «እናታችን እንዳትደነግጥ» ብለው በሽታው መመለሱን ቢደብቋቸው፥ እርሳቸው ናሙና እንዲሰጡ ለምን እንደሚጠየቁ አይገባቸውም። ሳላቸው ብርድ መስሏቸው የትንፋሽ ማጠሩን ላይናገሩ፥ ኪኒኑን ሰልችተው ሊተዉ፥ ገንዘባቸውንና ቤታቸውን በተመለከተ ሊናዘዙ የሚገባቸውንም ሳይናገሩ ሊቀሩ ይችላሉ። እውነትን ቀስ አድርጎ፥ እርሳቸው በሚወዱት ሰው አፍ፥ ሐኪሙ ባለበት መንገር ይገባል። አካሉ የእርሳቸው ነው፤ ውሳኔውም የእርሳቸው ነው።

ሁለተኛው ተግባር ወረቀቶችን መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ውጤት፥ የዘረመሉ ምርመራ፥ የሲቲ ስካኑ ፊልም ወይም ዲስክ፥ የተወሰዱት መድኃኒቶች ስምና የተጀመሩበትና ያበቁበት ቀን በአንድ ፋይል ይቀመጡ። በሰም ውስጥ የተቀመጠው የፊተኛው ናሙናም የት ላቦራቶሪ እንዳለ ይታወቅ። በሽተኛው ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር በሚሄድበት ጊዜ እነዚህ ወረቀቶች ካልተያዙ ሥራው ሁሉ እንደ ገና ይጀመራል፤ ለዚህ በሽታ ደግሞ ጊዜ ውድ ነው።

ሦስተኛው ስለ ገንዘብ ነው። ከውጭ የሚመጣውን መድኃኒት ሁሉ መግዛት ለማንኛውም ቤተ ሰብ የማይቻል ሊሆን ይችላል። ከመበደርና ንብረት ከመሸጥ በፊት ሐኪሙን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ይህ መድኃኒት ለተገኘው ለውጥ በእርግጥ የሚሠራ ነውን? ምን ያህል ጊዜ ይጨምራል ተብሎ ይጠበቃል? ባናገኘው ምን ሌላ መንገድ አለ?» በጎ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቈጣም።

7ኛ. ማስታገሻ ሕክምና የመጨረሻ ቀን ሕክምና አይደለም

ብዙ ሰው ሕመምን፥ የትንፋሽ ማጠርንና ጭንቀትን የሚያስታግሠው ሕክምና ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ብቻ የሚሰጥ ይመስለዋል። በ2010 በቦስተን የታተመ ጥናት ይህን አሳብ አፈረሰ። ከፍ ወዳለ ደረጃ የደረሰ የሳምባ ካንሰር ያለባቸው 151 በሽተኞች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ፤ ሁለተኛው ወገን ከሕክምናው ጋር ገና ከመጀመሪያው የማስታገሻ ሐኪሞች ይጎበኙት ነበር። የሁለተኛው ወገን ኑሮ የተሻለ፥ ትካዜውም ያነሰ ሆነ። መካከለኛ ዕድሜውም በመጀመሪያው ወገን 8.9 ወር፥ በሁለተኛው 11.6 ወር ነበር። ይህ ልዩነት የተገኘው በአዲስ ኪኒን አልነበረም፤ በሽተኛውን በማድመጥ፥ ሕመሙን በማስታገሥና ከቤተ ሰቡ ጋር በመምከር ነበር።

ስለዚህ በሐኪም የታዘዘ ሞርፊን «ሱስ ይሆንበታል» ተብሎ ከሚሠቃይ በሽተኛ መከልከል የለበትም። ሕመሙ የታገሠለት ሰው ይበላል፥ ይተኛል፥ ለሚቀጥለው ሕክምናም ኀይል ያገኛል።

መደምደሚያ

ወይዘሮዋ ሳላቸው በተመለሰ ጊዜ ከፊታቸው ሁለት ክፉ መንገዶች ነበሩ፤ ተስፋ መቍረጥና በጭፍን መቀጠል። ሦስተኛው መንገድ መርምሮ ማወቅ ነው። ምርመራው የሚሠራ ሌላ መድኃኒት ያሳያቸው ይሆናል፤ ወይም ደግሞ የቀረው መንገድ አጭር መሆኑን ይነግራቸው ይሆናል። በሁለቱም ቢሆን ከልጆቻቸው ጋር የሚኖራቸውን ጊዜ አውቀው፥ መርጠው፥ ሕመማቸው ታግሦ ይኖሩታል። የመምህሩና የወዳጁ ድርሻ ይህ ምርጫ ሳይነፈጋቸው እንዲደርሳቸው መርዳት ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. «የሳምባ ነቀርሳ» በሚባለው በቲቢና በሳምባ ካንሰር መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

2. ካንሰር መድኃኒቱን ሲላመድ በሽተኛውን መውቀስ ስሕተት የሚሆነው ለምንድን ነው?

3. ካንሰሩ ከመድኃኒቱ የሚያመልጥባቸውን ሦስት መንገዶች ዘርዝሩ።

4. በደም ምርመራ «ለውጥ አልተገኘም» ቢባል ነገሩ በዚያ አልቋል የማይባለው ስለ ምንድን ነው?

5. በ2010 የታተመው የቦስተን ጥናት ስለ ማስታገሻ ሕክምና ምን አስተማረ? ይህንስ ለአንድ ጎረቤታችሁ በራሳችሁ አነጋገር እንዴት ታስረዳላችሁ?